የሁዳዴ ውሾች

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ውሻዋንም ይዛ መጣች። ክንድ የማታህል፣ ፀጉሯ የተበጠረ፣ አንገቷ ላይ ሪባን የታሰረላት ውሻ ናት። ልጅቷ ከሻንጣዋ አራት ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች፤ አንዱ ለፀጉር፣ አንዱ ለመገጣጠሚያ፣ አንዱ ለሆድ፣ አንዱ ደግሞ ለሁለንተናዊ ጤንነት ነው አለችኝ። “አክስቴ፣ አንቺ ባለሙያ አይደለሽ? እስቲ ይኼኛው ምን እንደሆነ አንብቢልኝ” ብላ አራተኛውን ሰጠችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብሁት። ከደረቀ እርሾ የተዘጋጀ፣ ቪታሚን ቢ አንድ ያለበት ይላል። ጠርሙሱን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ልጅቷ ውሻ በማቀማጠሏ የተቆጣሁ መስሏት ይቅርታ ስትለኝ ዋለች። አልተቆጣሁም። ለማንም ሳልናገር የያዝሁት ነገር ስለ ነበረ ነው። አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ የሚከሰኝም የሚያዛውረኝም የለም፤ ልጻፈው።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነበር። በሬ፣ በቅሎ፣ ፍየል፣ ዶሮ ሁሉም በእጄ አልፏል፤ ባሕር ዳር ላይ የወጣልኝ ስም ግን “የውሻ ሲስተር” ነው። እናቴ ሰው ሲጠይቃት “ልጄ ሲስተር ናት” ብላ ታቆማለች፤ የማን ሲስተር እንደሆንሁ አትጨምርም። እውነቱን ለመናገር እኔም በስሙ አልኮራም ነበር። በትምህርት ቤት ስለ ውሻ የተማርነው ሁለት ነገር ነው፤ ሳያብድ መከተብ፣ ሲያብድ መግደል። ውሻም እንደ ሰው በሚበላው ነገር እንደሚቆምና እንደሚወድቅ ያስተማሩኝ የመጀመሪያ አለቃዬ አቶ ይትባረክ ናቸው።

አቶ ይትባረክ በጣና ደሴት ላይ ያገለግሉ የነበሩ ቄስ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። የከብት ክትባት ቡድን በአገራቸው ሲያልፍ ጽሕፈት የሚችል ሰው ፈልጎ ወሰዳቸው፤ በዚያው ቀሩ። ክሊኒክ ውስጥ ሁላችንም “የኔታ” እንላቸው ነበር። ክሊኒክ ስል ዛሬ ፋሲሎ በሚባለው በኩል የነበረች ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። ጊዜው የደርግ ነው፤ ግድግዳችን ላይ ከመድኃኒት ዝርዝር ይልቅ መፈክር ይበዛ ነበር።

የኔታ ውሻ ሲመጣላቸው ውሻውን አያዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው መሬት ላይ ይቀመጡና ከባለቤቱ ጋር ስለ ዝናብና ስለ ዘመድ ያወራሉ። ውሻው ራሱ መጥቶ ማጅራታቸውን እስኪያሸት ይጠብቃሉ። እኔ በትዕግሥት ማጣት እግሬን ስቀያይር፣ “ከዚያ በፊት እጅሽን ብትሰነዝሪ የምታገኚው ድንጋጤውን ነው፤ በሽታውን አይደለም” ይሉኛል። ከዚያ ወደ ሳህኑ ይሄዳሉ። ውሻው የሚበላበትን ዕቃ ሳይዝ የመጣን ሰው ይመልሱታል። ገሉን ወይም ጣሳውን ያሸታሉ፣ ግርጌውን በጣታቸው ይጠርጋሉ፣ አንዳንዴም ይቀምሱታል። የመጀመሪያ ቀን ሳይ ወደ ውጭ ወጥቼ ነበር።

ከሳህኑ በኋላ ድድ ነው። በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ይለቁና “አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ” ይላሉ። የነጣው ቦታ ከመንፈስ ቅዱስ በፊት ከቀላ ደህና ነው፤ ከዚያ ካለፈ ውሻው ደም አንሶታል። የማጅራቱን ቆዳ ቆንጥረው ያነሡና ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ ጠምቶታል ይላሉ። ዓይነ ምድሩን በእንጨት በትነው፣ የዓይኑን ብሌን በእጃቸው ጥላ አድርገው እየገለጡ ያያሉ። እኔ ሙቀት መለኪያውን ሳራግፍ እሳቸው ጨርሰው ይነሣሉ።

መድኃኒት ክፍላችን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ስለነበር ሕክምናቸው ከጓዳ ነበር። ቆዳው ለሻከረ የተፈጨ ኑግ በገንፎ፣ ለምታጠባ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት፣ ሆዱ ለደረቀ ተልባ፣ ትል ላለበት የዱባ ፍሬ። ለሁሉም ግን አተላ። ጠላ ሻጮች ከጋን ግርጌ የሚደፉትን አተላ ያስመጡና ስካሩ እንዲወጣለት ሁለት ሦስት ጊዜ በውሃ ይለቀልቁታል፤ ከዚያ ከገብስ ቅንጬ ጋር ለውሰው ይሰጣሉ። በዓሣ በኩል ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ለውሻ ጥሬ ዓሣ አይሰጥም፣ ሥጋው ከአጥንቱ እስኪለቅ ይቀቀላል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው “ሳይቀቀል የቀረ ጊዜ የሆነውን አይቻለሁ” ብለው ያቆማሉ። ምን እንዳዩ አይናገሩም። እኔም በሆዴ እስቅ ነበር፤ ደብተሬ ላይ እሳት ቪታሚንን እንደሚያጠፋ ተጽፏል፣ ከሥሩም በቀይ አስምሬበታለሁ።

ሁለት ዓመት አብረን ከሠራን በኋላ የኔታ በውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየ። ዳዊት ይደግማሉ ተባለ። በወሩ ከሐይቁ ማዶ ወደ ደልጊ ተዛወሩ። ሲሄዱ የሰጡኝ ምክር አንድ ነው፤ “በእብደት የተጠረጠረ ውሻ እሰሪ፣ ለይተሽ አስቀምጪ፣ ዐሥር ቀን ጠብቂ።” ማኅተሙ እኔ እጅ ገባ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ማኅተም በዚያ ዕድሜ ሲይዙት ይከብዳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሐይቁ ዳር የመንግሥት የዓሣ መጋዘን ነበር፤ አምስት የጥበቃ ውሾች ነበሩት። የሚጠብቋቸውና የሚያበሏቸው ዘበኛው ጋሽ አላምረው ናቸው። ሃምሳ የሚጠጉ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው። ከአምስቱ ውሾች አንዷ፣ ዳማ የምትባለው ቀይ ዳማ ውሻ፣ ከሳቸው እጅ በቀር ከማንም አትበላም ነበር። መሬት ላይ የተጣለላትን ሥጋ ዞራ ትሄዳለች። መጋዘኑ ያሉ ሰዎች “ሚስታቸው ናት” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ለቁጥጥር ስሄድ ጋሽ አላምረው በተቆረጠ በርሜል የዓሣ ራስ ሲቀቅሉ አገኘኋቸው። አጠገባቸው በቆርቆሮ የተቀመጠ አተላ አለ። የማገዶ እጥረት ስለ ነበር ቁጣዬ ሰበብ አላጣም።

“ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ እንጨት ለውሻ ያቃጥላሉ? ቪታሚኑንም እኮ እያጠፉት ነው። ጥሬውን ይስጧቸው።”

“የኔታ ይቀቀል ብለው ነበር ሲስተር።”

“የኔታ ደልጊ ናቸው” አልሁ። “አተላውንም ይድፉት። የመንግሥት ውሻ አተላ አይጠጣም።”

የመጋዘኑ ኃላፊ በዚህ አባባሌ ስቀው አልጠገቡም። “በጽሑፍ አድርጊው ጓድ” አሉኝ። አደረግሁት። ዓሣው በጥሬው ይሰጥ፣ አተላ የተከለከለ ነው፤ ከሥሩ ፊርማዬና ማኅተሙ። ወረቀቱ በዘበኛው ጎጆ በር ላይ ተለጠፈ። ጋሽ አላምረው ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በየቀኑ ግን ያዩታል።

ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልሆነም። ውሾቹ ከዓሣው ሌላ ከቄራ አጥንትና ጨጓራ ይመጣላቸው ነበርና። ከዚያ ቅበላ አለፈ፣ ሁዳዴ ገባ፣ ቄራው ፀጥ አለ። በከተማው ሥጋ የሚባል ነገር ጠፋ። ውሾቹ ጠዋትም ማታም ጥሬ ዓሣ ብቻ ሆነ ምግባቸው። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ከሁሉ በፊት ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ጋሽ አላምረው ክሊኒክ ድረስ በእግራቸው መጡ። ላብ አጥምቋቸዋል።

“ሲስተር፣ ውሾቹ ሐይቁን እያዩ ነው” አሉኝ።

“ታዲያ ቢያዩትስ?”

“እንደሱ አይደለም። መጥተሽ እይው።”

ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ሐይቁ በበጋው ሸሽቶ ዳርቻው ሰፊ ጭቃ ሆኗል። ነፋስ አልነበረም፣ ታንኳ አልነበረም፣ ወፍ እንኳ አልነበረም። አምስቱ ውሾች ጭቃው ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ውሃው ነው። አንገታቸውን ግን ደፍተዋል፤ አገጫቸው ደረታቸውን ነክቷል። አንድ ሰው መጥቶ ስገዱ ያላቸው ይመስላል። አጨበጨብሁ። አልዞሩም። ጠጋ ብዬ በጎን ሳያቸው ዓይናቸው ተገልጧል፣ አይርገበገብም፣ ብሌኑም በዚያ ፀሐይ ላይ ጨለማ ቤት እንዳለ ሰው ዓይን ሰፍቷል። መሬቱን ሳይ ጥላ የላቸውም። ቀትር ስለሆነ የእኔም ጥላ ከእግሬ ሥር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ያየሁት የእነሱን ብቻ ነው።

ትልቁ ጥቁር ውሻ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ በጎኑ ወደቀ፣ እግሩን እያጠላለፈ ተነሣና ወደ ቦታው ተመልሶ አንገቱን ደፋ። አንዱም አልጮኸም። ዳማ ከሰልፉ ወጥታ እየተንገዳገደች ውሃው ድረስ ሄደች፣ ጠጣች፣ ተመለሰች። ይህን አየሁ። አላስተዋልሁትም።

“ተለክፈዋል” አሉ ጋሽ አላምረው በቀስታ።

ለከፈ የሚለው ቃል በእኛ አገር ሁለት ጌታ አለው። ያበደ ውሻም ይለክፋል፣ ጋኔንም ይለክፋል። ተናጋሪው የትኛውን እንዳሰበ ካልጠየቁት አይታወቅም። ጋሽ አላምረው በቀትር ሐይቅ ዳር ያለውን ማለታቸው ነበር። እኔ የእብድ ውሻ በሽታን ሰማሁ። ስሙን ሳገኝለት ደስ አለኝ፤ ስም ያለው ነገር አያስፈራም ብዬ ነው።

ለኃላፊው ነገርሁ። መጋዘኑ ሠራተኛ የሚበዛበት፣ አጠገቡም መንደር ያለበት ነው፤ “ዛሬውኑ እርምጃ ይወሰድ” አሉ። ደንቡን አውቀዋለሁ። ማሰር፣ መለየት፣ ዐሥር ቀን መጠበቅ፣ ከሞተም ጭንቅላቱን በበረዶ አድርጎ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ መላክ። ለምን አልጠበቅሽም ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ራሴን ግን ጠይቄያለሁ። ፈርቼ ነው። በሽታውን ብቻ አልነበረም የፈራሁት። ዐሥር ቀን ሙሉ እየተመላለስሁ ያን አቋቋም ማየት አልፈለግሁም።

መርዙን በዓሣ ሥጋ ጠቀለልሁት። አራቱ የተጣለላቸውን በሉ። ዳማ አሸተተችና ዞራ ሄደች። ሁለተኛ ጣልሁላት፤ አልነካችውም። ኃላፊው ሰዓታቸውን ያያሉ። ወደ ጋሽ አላምረው ዞርሁ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ቢሰጧት” አልሁ።

ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። “ማበዷን እርግጠኛ ነሽ?” አሉ።

“እርግጠኛ ነኝ።”

በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩና ጠሯት። አንገቷን እንደደፋች፣ እግሯን እየጣለች መጣች። ከቀኝ መዳፋቸው ላይ ቀስ ብላ አነሣች፣ ዋጠች፣ መዳፋቸውንም ላሰች። ትንሽ ቆይቶ መርዙ ያዛት። ሲያንፈራግጣት ራሷ ከድንጋዩ ጋር እንዳይጋጭ ብለው እጃቸውን ከሥር አስገቡ፤ መንጋጋዋ በቀኝ እጃቸው ላይ ተቆለፈ። ነከሰቻቸው ማለት ይከብደኛል። እስክትሞት ድረስ እጃቸውን አላወጡም። ሁሉንም በአንድ ጉድጓድ፣ በኖራ ቀበርናቸው። ጭንቅላት የላክነው የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጋሽ አላምረው ላይ ነው። የእብድ ውሻ መርፌ በዚያ ሰሞን የሚገኘው አዲስ አበባ ነበር። እሳቸው ግን በዚያው ቀን ሥር ማሽ ዘንድ ሄደው መድኃኒት ጠጥተዋል። የዚያ መድኃኒት ሕግ ደግሞ ጽኑ ነው፤ የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም፣ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። የአዲስ አበባው መንገድ ዓባይን ይሻገራል። ቤታቸውም ከዓባይ ማዶ ነው። መርፌውንም ቤታቸውንም ትተው ሰባታሚት እኅታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት አርባውን ቀን ሊቀመጡ ገቡ። ሚስታቸው ከማዶ ስንቅ ትልካለች።

ቁስላቸውን ለማጠብ በየሁለት ቀኑ እሄድ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ በቤቱ ያለውን ውሃ ያለበት ዕቃ ሁሉ ከድናዋለች፤ ውሻ የለከፈው ሰው ውሃ ውስጥ ውሻውን ያያል ይባላልና። ጋሽ አላምረው ዓይናቸውን ጨፍነው ከአፈ ጠባብ ቅል ይጠጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ያጫውቱኝ ነበር። በሁለተኛው ጨዋታው ቀረ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ስደርስ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው። ከሰባታሚት ሐይቁ አይታይም፤ ፊታቸው ግን ወደዚያው ነበር።

“ጋሼ፣ አንገትዎን ምን ሆኑ?”

“እንጃ ሲስተር። ቀትር ቀትር ላይ የሆነ ነገር ወደ ታች ይስበኛል” አሉኝ። “ትናንት ውሃው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ልውጠው ብል እንቢ አለኝ።”

ከዚያ ስመለስ በሐይቁ ዳር አለፍሁ። የውሾቹ ዱካ በጭቃው ላይ ደርቆ እንደ ሸክላ ቀርቷል። ከመጋዘኑ ወደ ውሃው የሚሄድ ነው፤ ወደ መጋዘኑ የሚመለስ አላየሁም። በገመድ ይዘን በሣሩ በኩል እንደመለስናቸው ትዝ እስኪለኝ ድረስ እዚያው ቆምሁ።

ፋሲካ ዋለ። በሳምንቱ በዓሣ አራጆቹ ሰፈር ሳልፍ አንዲት ባለቤት የሌላት ውሻ አጥንት ነክሳ ስትሮጥ አየሁ። አወቅኋት። በሕማማት እዚያው ቦታ፣ ከተጣለ የዓሣ አንጀት አጠገብ፣ አንገቷን ደፍታ ቆማ አይቻት ሸሽቼ ነበር። አሁን ቀጥ ብላ ትሮጣለች። ከእብደት የዳነ ውሻ በዓለም ላይ የለም።  በማግስቱ ወደ ደልጊ በሚሄደው ጀልባ ተሳፈርሁ።

የኔታን ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ደጃፍ፣ ጀርባቸውን ለአንድ ውሻ ሰጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙና ጥያቄ ጀመሩ።

“ምራቅ ያዝረከርኩ ነበር?”

“አልነበረም።”

“ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር?”

“አልጮኹም።”

“ውሃስ?”

 ዳማ ወደ ውሃው ስትሄድ፣ ስትጠጣ፣ ስትመለስ ታየኝ። “ይጠጡ ነበር” አልሁ።

“ያበደ ውሻ ውሃ መዋጥ አይችልም። ምን ይበሉ ነበር?”

ስለ ወረቀቱ ነገርኋቸው። ስለ ጥሬው ዓሣ፣ ስለ አተላው፣ ስለ ማኅተሙ። የኔታ መሬት መሬት አዩ።

“እና የኔታ፣ ማን ለከፋቸው?” አልሁ።

“አንቺ ነሻ፣ ልጄ” አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ከዚያ በኋላ ነው በልጅነታቸው ያዩትን የነገሩኝ። በደሴቱ ላይ ዛፍ መቁረጥ ስለማይፈቀድ አንድ ሁዳዴ ማገዶ አለቀ፤ ውሾቹ ጥሬ ዓሣ ሲበሉ ከረሙ። በሕማማት ስምንቱም አንገታቸውን ደፍተው ሐይቁን ሲያዩ ተገኙ። ከመነኮሳቱ አንዳንዶቹ “ጸሎት ላይ ናቸው፣ አትንኳቸው” አሉ። ሦስቱ እዚያው እንደቆሙ ወድቀው ሞቱ። አባታቸው ለትንሣኤ የተጠመቀውን ጠላ አተላ ከቅንጬ ጋር ለቀሩት ሰጡ። አምስቱ ተነሡ። በአተላው እርሾ ውስጥ ያለውን የቪታሚን ቢ አንድን ስም የኔታ አያውቁትም ነበር፤ እኔ ስሙን አውቅ ነበር፣ ከስሙ በቀር ግን ምንም አላውቅም። ጥሬ ዓሣ ውስጥ ያን ቪታሚን የሚያፈርስ ነገር እንዳለ፣ እሳት የሚያጠፋውም ያንኑ አፍራሽ ነገር እንደሆነ ያነበብሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ደጃፉ ላይ የነበረው ውሻም አገጩ ደረቱን ነክቶ ነበር። ባለቤቱ ማገዶ አልቆበት ጥሬ ሲሰጠው ከርሟል። ጀልባው እስኪመለስ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ አተላውን እየለቀለቅሁ በእጄ አጎረስሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። ብሌኑ ጠቧል። ተቀምጬ አለቀስሁ።

“ለአላምረው ንገሪው” አሉኝ የኔታ ሲሸኙኝ።

“የመንግሥት ንብረት ሆን ብላ አጠፋች ቢሉኝስ?”

“ይሉሽ ይሆናል። እሱ ግን ውሃ ካቆመ ሳምንት አይቆይም።”

ሰባታሚት ስደርስ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። “ሁለት ቀኑ ነው፤ ጠብታ አልዋጠም” አለችኝ። ጋሽ አላምረው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ አንገታቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። የማጅራታቸውን ቆዳ ቆንጥሬ ባነሣው እንደማይመለስ ሳልነካቸው ታወቀኝ።

“ጋሼ” አልሁ፣ “ዳማ አላበደችም።”

 ቀጠልሁ። በሩ ላይ የለጠፍሁት ወረቀት ምን እንደሚል፣ ጥሬው ዓሣ ምን እንዳደረጋቸው፣ በደልጊ ያየሁትን ውሻ፣ ዐሥር ቀን መጠበቅ ሲገባኝ አለመጠበቄን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኋቸው። ስጨርስ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

“ያኔም እርግጠኛ ነኝ ብለሽኝ ነበር” አሉ። ድምፃቸው ደርቋል።

“ብዬ ነበር። ዋሽቼ አልነበረም፤ ተሳስቼ ነው። ግን ያን ቀን ዳማ ውሃ ጠጥታለች። እርስዎም አጠገቤ ቆመው ነበር።”

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ቀትር እያዩት እንደሆነ ገባኝ። “አዎ” አሉ በመጨረሻ። “ጠጥታለች። ሄዳ ጠጥታ ተመልሳለች።” ከዚያ ወደ እኅታቸው ዞሩ። “ጥሩነሽ፣ የእንስራውን ክዳን አንሺው።”

በጣሳ ቀድታ ሰጠቻቸው። ውሃውን ዓይናቸውን ገልጠው አዩት፤ ብዙ ጊዜ አዩት። የመጀመሪያው ጉንጭ አሳላቸውና ወጣ። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ወረደ። ጣሳው ባዶ ሲሆን ወይዘሮ ጥሩነሽ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይህን የሚያነብ ሰው ግን እንዳይሳሳት፤ የነከሰ ውሻ ካለ ዛሬ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ መርፌው ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ያለኝ ቃል ብቻ ነበር።

“አተላ ብንሰጣት ትድን ነበር?” አሉኝ ጋሽ አላምረው።

መዋሸት እችል ነበር። ከሞት ያወጣኋቸውን ሰው በሌላ ነገር ላለመግደል መዋሸት ነበረብኝ ብዬ የማስብበት ቀንም አለ። “ትድን ነበር” አልሁ። “በሦስት ቀን።”

 የታሰረ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው መዳፉን ሲያዩ ትቻቸው ወጣሁ። በማግስቱ አርባው ቀን ሳይሞላ ዓባይን ተሻግረው ቤታቸው ገቡ።

የመጋዘኑን ኃላፊ በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ጥፋቴን ጽፌ ሰጠኋቸው። አነበቡና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። “ውሾቹ ተቀብረዋል ጓድ፤ ይኼም ይቀበር” አሉኝ። በፈጣን እርምጃዬ የምስጋና ደብዳቤ ጽፈውልኝ ስለነበር ስሕተቱ የሳቸውም ሊሆን ነው። ያንን የበሩን ወረቀት ግን እኔው ቀድጄ በምትኩ ሌላ ለጠፍሁ፤ ዓሣው ይቀቀል፣ አተላ ይጨመር ይላል፣ ከሥሩ ማኅተም አለበት። ሰው እያነበበ ይስቅ ነበር፤ ይሳቅ አልሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ለመጋዘኑ አዲስ ቡችላ መጣች። ለቁጥጥር ስሄድ ጋሽ አላምረው ዓሣውን ቀቅለው፣ አጥንቱን ለቅመው፣ ከአተላና ከቅንጬ ጋር ለውሰው በጣሳ አቅርበዋል። ተንበርክከው ያጎርሷታል። የሚያጎርሷት በግራ እጃቸው ነው። ስላልለመዱበት ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል፣ ቡችላዋም እየተከተለች ትለቅማለች። ቀኝ እጃቸውን ከጀርባቸው አድርገዋል።

“ጋሼ፣ ያ ቁስል እስካሁን ያምዎታል እንዴ?” አልኋቸው።

እጃቸውን ከጀርባቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። ጠባሳው ነጥቷል፣ ጣቶቹም እንደ ልብ ይታጠፋሉ።

“ቁስሉስ ድኗል ሲስተር” አሉኝ። “ዳማ ግን በዚህ ነው የበላችው።”